ማተቧን የበጠሰች እህት፣ ገንዘብ የጠየቀ ነቢይና የሙዳየ ምጽዋቱ ሒሳብ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚያስጨንቃቸውን ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ገና ስደት ላይ ሳለች አንድ በአንድ አይታዋለች፤ ሥርዓትም አውጥታለታለች። መልሶቻችን በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ አራት መቶ ዓመታት የተወሰዱ ናቸው። ያ ዘመን ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ከተለያዩበት ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በፊት ስለሆነ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ወንጌላዊውም «አባቶቻችን» ይለዋል። ዓመቶቹን በሙሉ ያስቀመጥናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ጸሎት ቡድናችን ነቢይ ነኝ የሚል ሰው ከመጣ ዓመት ሆነው። የተናገረው አንዳንዴ ይሆናል። አሁን ግን በየሳምንቱ «ይህን ያህል ዘር ዝሩ ተብያለሁ» እያለ በራሱ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። እናቴ የጡረታ ደመወዟን ሰጥታዋለች። ስንጠይቅ «መንፈስ ቅዱስን አትቃወሙ» እንባላለን። መጠየቅ ኃጢአት ነው?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደለም። ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ገና በልጅነቷ የነቢያት መመዘኛ ባልጻፈች ነበር። መመዘኛው የሚገኘው «ዲዳኬ» ወይም «የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት» በሚባለው አጭር መጽሐፍ ነው። የግሪክኛው ሙሉ ቅጂ በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ጠፍቶ ነበር። ስለ ነቢያት የሚናገረው ክፍል ግን «ሲኖዶስ» በተባለው የግእዝ የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እኛ ዘንድ ኖሯል።

የሚለው እንዲህ ነው። ከአገር አገር የሚዞር አገልጋይ ሲመጣ እንደ ጌታ ተቀበሉት። አንድ ቀን ይቀመጥ፣ ካስፈለገም ሁለት፤ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው። ሲሄድ እስከሚቀጥለው ማደሪያው የሚያደርሰውን እንጀራ ብቻ ይያዝ፤ ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው። በመንፈስ ሆኖ «ብር ስጡኝ» ቢል አትስሙት፤ ለሌላ ችግረኛ ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት። በመንፈስ ሆኖ ማዕድ አዘጋጁ ያለ እውነተኛ ነቢይ ከዚያ ማዕድ አይበላም። ልብ ይበሉ፤ የመጽሐፉ ጥያቄ «ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ሳይሆን «ጥቅሙ ወደ ማን ሄደ?» ነው። የተናገረው ምልክት መድረሱ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ዘዳግም 13 አስቀድሞ ተናግሯል።

አንድ ነገር መደበቅ አንፈልግም። እዚያው መጽሐፍ ላይ «በመንፈስ የሚናገረውን ነቢይ አትፈትኑ» የሚል ቃል አለ፤ ሰውየው ካወቀው ይጠቅስብዎታል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን በመንፈስ የሚናገር ሁሉ ነቢይ አይደለም፤ ነቢይ የሚሆነው የጌታ አኗኗር ሲኖረው ነው፤ ሐሰተኛውና እውነተኛው የሚታወቁትም በአኗኗራቸው ነው ይላል። የተከለከለው በንግግር መካከል ተነሥቶ መሟገት ነው። አኗኗሩን መመርመር ግን የታዘዘ ነው።

ሰውየው ዓመት ስለተቀመጠ የእንግዳው ሥርዓት አልፎታል፤ አሁን የሚመለከተው የነዋሪው ነው። መኖር የሚፈልግ እንግዳ ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ፤ ሥራ አልፈልግም ካለ በክርስቶስ ስም የሚነግድ ነው ይላል መጽሐፉ። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ምግቡና በኵራቱ ይገባዋል። ስለዚህ አገልጋይ ይራብ እያልን አይደለም።

በ170ዎቹ ፍርግያ ውስጥ (በዛሬዋ ቱርክ) ሞንታኖስ የሚባል ሰው ጵርስቅላና ማክሲሚላ ከተባሉ ሁለት ነቢያት ጋር ተነሣ። በጊዜው የጻፉ ተቃዋሚዎቹን አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በታሪኩ ጠቅሷቸዋል፤ ከነቀፉት ነገር አንዱ መባ በሚል ስም ገንዘብ የሚለቅሙ ሰዎች መመደቡና ለሰባኪዎቹ ደመወዝ መቍረጡ ነበር። ማክሲሚላ ጦርነትና ሁከት ይመጣል ብላ ነበር። አንደኛው ጸሐፊ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ቆጠረ። ከሞተች ከ13 ዓመት በላይ ሆነ፣ ጦርነቱ ግን የለም ብሎ ጻፈ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ደብተር ይያዙ፤ ትንቢቱን በተነገረበት ቀን፣ በተነገረበት ቃል፣ ምስክር አጠገብዎ ሆኖ ይጻፉ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገሩ ከሆነ በኋላ «ይህን ነበር ያለው» እያሉ ስለሚያስታውሱ ነው። ለችግረኛ ነው ካለ ችግረኛው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ቡድኑ ራሱ በቀጥታ ይስጠው። እናትዎን ግን በሰው ፊት አያሳፍሯቸው፤ የሰጡት ለእግዚአብሔር ብለው ነው። ዲዳኬ ነቢይ ከሌላችሁ በኵራቱን ለድሆች ስጡ ይላል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ያንኑ ብር ጎረቤት ላለ ለአንድ ችግረኛ ቤት በእጃቸው እንዲሰጡ ይርዷቸው። የመስጠት ደስታቸው አይቀማም።

ጥያቄ፦ ኩዌት አምስት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። ስሄድ ደላላው የእስላም ስም አውጥቶ ፓስፖርት አሠራልኝ። እዚያ ማተቤን በጠስኩ፤ እስላም ነኝ አልኩ፤ አብሬ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። በልቤ ግን አልካድኩም። አሁን ከቅጽሩ በር እየደረስኩ እመለሳለሁ። አንዷ «እንደገና መጠመቅ አለብሽ» ትለኛለች፤ ሌላዋ «በልብሽ ካልካድሽ ምንም አይደለም» ትላለች።
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ጎረቤቶችዎ ተሳስተዋል። የእርስዎን ጥያቄ የሚመስል ጥያቄ በእናታችን በእስክንድርያ መንበር ላይ ከ1,700 ዓመት በፊት ቀርቦ መልስ አግኝቷል፤ መልሱም እስከ ዛሬ አለ።

የዲዮቅልጥያኖስ ስደት በ303 ጀመረ። በ306፣ ስደቱ ገና ሳያበቃ፣ የእስክንድርያው ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ የወደቁትን ስለ መቀበል ቀኖና ጻፈ። ሁሉንም በአንድ ሚዛን አላስቀመጣቸውም። ተገርፈውና ተሠቃይተው ሥጋቸው ሲደክም ለካዱት፣ ሦስት ዓመት ሲያለቅሱ ስለቆዩ፣ የ40 ቀን ጾም ብቻ ጨመረላቸው። እስር ቤት ገብተው ሳይገረፉ ለካዱት አንድ ዓመት። ምንም ሳይደርስባቸው በፍርሃት ብቻ ሄደው ለካዱት አራት ዓመት።

ከሁሉ ይልቅ ለእርስዎ የሚሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። አንዳንድ ክርስቲያን ጌቶች እነሱ መሠዋቱን ፈርተው በእነሱ ፈንታ ክርስቲያን ባሪያዎቻቸውን ልከው ነበር። ጴጥሮስ ለባሪያዎቹ አንድ ዓመት፣ ላስገደዷቸው ጌቶች ሦስት ዓመት ንስሐ ሰጠ። በሰው እጅ ያለ ሰው እንደ ራሱ ጌታ አይመዘንም ማለቱ ነው። ነገር ግን ለባሪያው «ምንም አይደለም» አላለውም፤ አንድ ዓመት ሰጠው። ቍስሉን ንቆ ከማለፍ ይልቅ አጥቦ አሰረለት።

የፓስፖርቱ ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ ያስታውሰናል። በ250 ንጉሥ ዳክዮስ ሰው ሁሉ ለጣዖት ሠውቶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። ሳይሠዉ በጉቦ ወረቀቱን ብቻ የገዙ ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። የቅርጣግናው ጳጳስ ቆጵርያኖስና ጳጳሳቱ በ251 ተሰብስበው ወረቀት ብቻ የያዙትን፣ የእያንዳንዳቸው ጉዳይ ተመርምሮ፣ ተቀበሏቸው፤ የሠዉት ግን በንስሐ እንዲቆዩ አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ስደት ሲያሰጋ በንስሐ የጸኑትን ሁሉ መለሷቸው፤ ምክንያታቸው ወደ ጦርነት የሚሄደውን ወታደር ያለ ትጥቅ፣ ማለትም ያለ ቅዱስ ቍርባን፣ አንልክም የሚል ነበር። ሮም ላይ ኖቫቲያን የሚባል ካህን የወደቀ ፈጽሞ አይመለስም ብሎ ተገነጠለ። በ325 የኒቅያ አባቶች በስምንተኛው ቀኖና፣ የኖቫቲያን ተከታዮች ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ከፈለጉ፣ በንስሐ ከተመለሱት ጋር አንድ እንደሚሆኑ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አዘዙ። ለኃጢአተኛው ደጁን የዘጋው ራሱ ውጭ ቀረ።

ምናልባት «ኒቅያ ለካደ 12 ዓመት ሰጥታለች» ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ በቀኖና 11፣ ሦስት ዓመት ከሰሚዎች ጋር፣ ሰባት ዓመት ከሰጋጆች ጋር፣ ሁለት ዓመት ያለ ቍርባን በጸሎት፤ እነዚህ የንስሐ ደረጃዎች ናቸው። ግን ቀኖናው የሚናገረው ያለ ግዴታ፣ ንብረት ሳይወረስበት፣ አደጋ ሳይደርስበት ስለ ካደ ሰው ነው። የሚከተለው ቀኖና 12 ደግሞ ጳጳሱ የንስሐውን ፍሬ አይቶ ሊያቀልል እንደሚችል ይናገራል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህ ነው። ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ከሌለዎት በአጥቢያዎ ካሉት ካህናት አንዱን ይያዙ። አራት ነገር ለይተው ይናገሩ፤ ማን አስገደደዎት፣ በቃል ምን አሉ፣ በሥራ ምን አደረጉ፣ ከመቼ ጀምሮ ያዝናሉ። ደላላው ያደረገውን በራስዎ ላይ አይጫኑ፤ እርስዎ ያደረጉትንም በደላላው ላይ አይጫኑ። ዳግመኛ ጥምቀት የለም፤ በጥንቱም ዘመን የወደቁት በንስሐ እንጂ በሁለተኛ ጥምቀት አልተመለሱም። ካህኑ የቄደር ጸሎት አድርሰው በውኃው ቢያጠምቁዎት አይደንግጡ፤ መጽሐፈ ቄደር ለተመላሾች የተዘጋጀ የንስሐ ሥርዓት እንጂ ልጅነትን እንደገና የሚሰጥ ጥምቀት አይደለም። የቀኖናውን ልክ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ከላይ የጻፍናቸውን ቍጥሮች ወስደው በራስዎ ላይ አይፍረዱ። የፓስፖርቱን ስም ማስተካከል የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ነው፤ እሱ እስኪያልቅ ብለው ንስሐውን አያዘግዩ።

ለምን አያዘግዩ እንደምንል ደግሞ፣ የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ የጻፈውን ይስሙ። በዳክዮስ ስደት የሠዋ ሰራፕዮን የሚባል ሽማግሌ ለሞት ታመመ፤ ሦስት ቀን ራሱን ስቶ በአራተኛው ነቃና የልጅ ልጁን በሌሊት ወደ ካህን ላከው። ካህኑም ታሟልና መነሣት አልቻለም። ጥቂት ከቅዱስ ቍርባኑ ለልጁ ሰጥቶ፣ አርጥበህ በአያትህ አፍ ጨምርለት አለው። ሽማግሌው ተቀበለና ዐረፈ። ካህኑ ይህን ማድረግ የቻለው ጳጳሱ ዲዮናስዮስ አስቀድሞ፣ በሞት አፋፍ ሆኖ የሚለምን ሰው አይከልከል ብሎ አዝዞ ስለነበር ነው። እርስዎ ግን ጤነኛ ነዎት፤ ካህኑም ቅርብ ናቸው።

ይህን ለምታነቡ ምእመናን አንድ ቃል እንጨምር። ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ቅጽር ስትገባ «እስላም ሆና መጣች» ብሎ መንሾካሾክ የኖቫቲያንን ሥራ መሥራት ነው።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት የመረጠው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ነው የሚል ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሐሰት ነው። የኒቅያ ጉባኤ 20 ቀኖናዎች በእጃችን አሉ፤ የመጻሕፍትን ቍጥር የወሰነ አንድም የለም። ጉባኤው የተሰበሰበው በዋናነት በአርዮስ ምክንያት ነው፤ የፋሲካን ቀንም ተነጋግሯል። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘርዝሮ የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ በ367፣ ከጉባኤው 42 ዓመት በኋላ፣ ለፋሲካ በላከው መልእክት። ለኢትዮጵያ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልንም እሱ ነው። ነገሥታቱን በተመለከተ ደግሞ፣ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ የመጀመሪያውን ስደት ያዘዘው ራሱ ቆስጠንጢኖስ ነበር።

ጥያቄ፦ እዚህ ጀርመን ያለን ማኅበረ ምእመናን ትንሽ ናት። የሚሰበሰበው ሁሉ በኪራይና በአገልጋይ ደመወዝ ያልቃል። ለድሆች የተወሰነ ድርሻ ይኑር የሚል ሐሳብ ብናቀርብ «መጀመሪያ ቤቱ ይቁም» ተባልን። የጥንቶቹ እንዴት ያደርጉ ነበር?
የሒሳብ ሹም፣ ከጀርመን

መልስ፦ የጥንቶቹ መጀመሪያ ቤት አልነበራቸውም፤ የድሆች መዝገብ ግን ነበራቸው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 አካባቢ ሮም ላይ ሲጽፍ፣ እሑድ የሚሰበሰበው ለጉባኤው መሪ እንደሚሰጥ፣ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል ይናገራል። የቅርጣግናው ጸሐፊ ተርቱሊያን በ197 በወር አንድ ጊዜ፣ በፈቃድ ብቻ፣ ማንም ሳይገደድ እንደሚሰጥ ጽፏል። በ251 የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ቤተ ክርስቲያኑን ቆጥሮ ጻፈ፤ 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ እና ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች። ስደት ላይ ያለች ቤተ ክርስቲያን ይህን ቍጥር የምታውቀው ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ ቢኖራት ነው።

አሠራሩን በተመለከተ ከቆጵርያኖስ ብዙ እንማራለን። ወኪሎቹን ሲልክ የችግረኞቹን ዕድሜና ሁኔታ ለይተው እንዲያውቁ፣ ሙያ ኖሮት መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ የሚያስነሣውን ያህል እንዲጨምሩለት አዘዘ። በሰሜን አፍሪካ የኑሚድያ ክርስቲያኖች በወራሪ በተማረኩ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ 100,000 ሴስቴርስ (የሮማውያን ገንዘብ) አዋጥታ ላከች፤ ከገንዘቡ ጋር የሰጪዎቹ ስም ዝርዝር አብሮ ሄደ፣ ተቀባዮቹ በጸሎት እንዲያስቧቸው። እናንተም ብር ስትልኩ መቀበያ ወረቀት ብቻ አትጠብቁ፤ ማን ለማን እንደላከ በሁለቱም ወገን ይታወቅ።

ድርሻን በተመለከተ ትንሽ ቆየት ብሎ፣ በ494፣ የሮሙ ጳጳስ ገላስዮስ ገቢው ለአራት እንዲከፈል አዘዘ፤ ለጳጳሱ፣ ለካህናቱ፣ ለድሆች፣ ለሕንፃው። የጀርመን ኪራይ በሩብ እንደማይሸፈን እናውቃለን። የእኛ ሐሳብ በአስረኛው ጀምሩ የሚል ነው። በወር 3,000 ዩሮ ከገባ 300ው ገና ሲቆጠር ተለይቶ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ስህተቱ የሚፈጠረው «ከወጪ የተረፈውን ለድሆች» ሲባል ነው፤ ከወጪ የሚተርፍ የለምና። ሒሳቡን ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ ቅዱስ ጳውሎስም የኢየሩሳሌምን እርዳታ ብቻውን አልያዘም፣ ማንም እንዳይነቅፈው አብረውት የሚሄዱ ወንድሞች ነበሩ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21)።

በነገራችን ላይ፣ ማርክዮን የሚባል ባለጠጋ ለሮም ቤተ ክርስቲያን 200,000 ሴስቴርስ ሰጥቶ ነበር። በኋላ ትምህርቱ ሲጣመም አስወጡት፤ ገንዘቡንም መለሱለት። ለጋሽ ስለሆነ ብቻ ዝም የምትሉት ሰው ካለ አስቡበት።

ጥያቄ፦ መሪያችን ለሦስት ዓመት ሒሳብ አላሳየንም። የጠየቀ ሁሉ ይወገዛል። ሕንፃው በማኅበሩ ስም ነው፤ እሱ ግን አልለቅም ይላል። ፍርድ ቤት መሄድ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 አልተከለከለም?
አንባቢዎች፣ ከአሜሪካ

መልስ፦ አንጾኪያ ውስጥ በ260ዎቹ ጳውሎስ ሳምሳጢ የሚባል ጳጳስ ነበር። ድሃ ሆኖ መጥቶ በሹመቱ በለጸገ፤ በገበያ ሲሄድ ከፊትም ከኋላም አጃቢ ያሰልፍ ነበር፤ ከፍ ያለ ዙፋን ሠራ፤ ሲሰብክ ያላጨበጨበለትን ይገሥጽ ነበር። ትምህርቱም ተበላሸ። ጳጳሳቱ በ264 ተሰብስበው ጠየቁት፤ እታረማለሁ አለ፤ አመኑት፤ አልታረመም። በ268 ዳግመኛ ሲሰበሰቡ ማልክዮን የሚባል ካህን ፊት ለፊት ሞገተው፣ ጸሐፊዎችም ቃል በቃል ይመዘግቡ ነበር። ያሸነፉት በዚያ መዝገብ ነው። ከዚያ ሻሩት፣ ሌላ ሾሙ፣ ውሳኔውንም ወደ ሮምና ወደ እስክንድርያ በደብዳቤ አስታወቁ።

ጳውሎስ ግን ቤቱን አልለቅም አለ። በ272 ነገሩ ወደ ንጉሡ ወደ አውሬልያን ቀረበ፤ ንጉሡ አረማዊ ነበር። የሰጠው ፍርድ ሕንፃው የጣልያንና የሮም ጳጳሳት የሚጻጻፏቸው ወገኖች ይሁን የሚል ነው። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ሃይማኖቱንና ሹመቱን የዳኘው ጉባኤ ነው፤ መንግሥት የተጠየቀው ጉባኤው ከፈረደ በኋላ፣ ስለ ቤቱ ብቻ ነው። ሐዋርያው የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሰው በመካከላቸው የሚፈርድ ሽማግሌ ሳይፈልጉ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ስለሮጡ ነው።

ውግዘቱን በተመለከተ የኒቅያ ቀኖና 5 የእናንተን ጉዳይ የሚናገር ይመስላል። የአንድ አገር ጳጳሳት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ሁለተኛውን በመፀው፣ ተሰብስበው፣ የተወገዘው ሰው በጳጳሱ ጠብ፣ ቂም ወይም ክፋት ተወግዞ እንዳይሆን እንዲመረምሩ ያዛል። አንድ ሰው አውግዞ ይግባኝ የሌለበት ሥርዓት በኒቅያ አልነበረም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂዱ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ቀን ጠቅሳችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ፈርማችሁ ለመሪው ስጡ፤ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ለምሳሌ 30 ቀን፣ ጻፉበት። ካልመለሰ ከእሱ በላይ ላለው አካል፣ ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለቤተ እምነቱ ጽሕፈት ቤት፣ ያንኑ ወረቀት ላኩ። የበላይ አካል ከሌላችሁ ከሌሎች አጥቢያዎች የታመኑ ሦስት ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ፈቃድ ይመረጡ። እያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይኑረው፤ ስሜት ሳይሆን የተነገረው ቃል ይጻፍ። በተጓዳኝ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አውጥታችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ማን እንደሚጠራና ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ አንብቡ፤ ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ላይ የሚወድቀው ስብሰባው በደንቡ መሠረት ስላልተጠራ ነው። ሽማግሌዎቹ ከፈረዱና እሱ ቁልፉን አላስረክብ ካለ፣ ያን ጊዜ የሕንፃውን ሰነድ ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ለጠበቃው የምትሰጡት ጥያቄም ሕንፃው የማን ነው የሚለው ብቻ ይሁን።